አርባ ሦስት አሚን

ሀጀራ ቃጫ እየገመደች ነበር። ሁለቱን ዘለላ በግራ እጇ ይዛ በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ታንከባልላቸዋለች፤ ሲያጥርባት ጎኗ ካለው የራሰ ቃጫ ትመዝና ታስቀጥላለች። ገመዱ ለክትሩ ነው፤ ወንዙ ላይ የሚጋደመው የግራር ቅርንጫፍ የሚታሰርበት። ስልኳ ጠርዙ በቀይ ክር የተዘመዘመ ትንሽ የጨርቅ ኮሮጆ ውስጥ ሆኖ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ ቃጫውን እየፈታሁ አቀብላታለሁ። አንድ ክንድ የምታህል ገመድ እስክትጨርስ ስልኩ ስድስት ጊዜ ጮኸ። ስድስቱንም ጊዜ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አወጣችው። አንዱ ሮቢት የተዳረች የዘመድ ልጅ የሠርግ ፎቶ ነው። አንዱ የኳስ ወሬ ነው። አንዱ ግመሉ የጠፋችበት ሰው ነው። የቀሩት ሦስቱ ለሙሽራዋ ምርቃት ናቸው። ሰባተኛ ጊዜ ሲጮኽ እጇ ከገመዱ አልተነሳም።

«ይሄም ያው ነው» አለችኝ።

ሰባተኛው ያው አልነበረም።

ጊዜው ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። ስለ ሀጀራ ስጽፍ ከዚያ ቀን የምጀምረው ጥፋቷን ለማውሳት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያደረገችው እስከዛሬ ስለሚገርመኝ ነው።

መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው አስፋልት በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ነው። እኛን የሚያበላን እኛ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ደጋው ላይ ዘንቦ በደረቁ ወንዝ ወርዶ የሚመጣውም ነው። ላይ ከዘነበ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቢዘገይ ከሦስት፣ ጎርፉ ይደርሳል። ሰው ፈጥኖ ወጥቶ ክትሩን ከዘጋው ውሃው ወደ ቦዩ ዞሮ ማሽላው ይጠጣል። ካልተዘጋ እያየነው ወደ አፋር ይሄዳል። ዘግተን እንዳንተወው ደግሞ፣ ሰው ሳይቆምበት የመጣ ጎርፍ ክትሩንም ማሳውንም ጠርጎ ይወስዳል። በነሐሴ ያ አንድ ጎርፍ ያመለጠው ማሽላ አገዳ ይሆናል እንጂ እህል አይሆንም።

ሀጀራ ደጋው ላይ፣ ጊዳን ውስጥ፣ የትናየት የምትባል ወዳጅ አለቻት። የትናየት ገብስ ይዛ ቆቦ ገበያ ስትወርድ የምታድረው ሀጀራ ቤት ነው። አንዷ ማተብ ያሰረች፣ አንዷ ሰጋጅ፤ ሃያ ዓመት አንድ መደብ ላይ ተኝተዋል። የትናየት የምትበላበት ድስት ሀጀራ ቤት ለብቻው ተከድኖ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ድሮ ጎርፉን የምናውቀው ከተራራው በላይ የሚጠቁረውን ደመና አይተን፣ የሚመጣውን ነፋስ አሽትተን ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ሌላ መላ አገኙ። የትናየት መንደር ላይ የስልክ ንግግር ይቆራረጣል፤ የተጻፈ መልእክት ግን ይወጣል። ስለዚህ ሀጀራ ሁለት ፍየል ሸጣ ያገለገለ ስማርት ስልክ ገዛች። «የክትሩ ሰዎች» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። የትናየት ከላይ ስትጽፍ ከታች ስልኩ ያለው ያያል። መጀመሪያ አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። ዘመድ ዘመዱን፣ ያም ዘመዱን እያስገባ ሰማንያ ደረሰ።

ሰባተኛው መልእክት የየትናየት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ «እኛ ጋ ወርዷል፣ ብርቱ ነው» ብላ ጽፋለች። ቀድመው ያዩት ጅዳና አዲስ አበባ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ክትር የላቸውም። ዝናብ ዘነበ ተብሎ ዝም የሚል ሰው ግን እኛ ዘንድ የለም። የመጀመሪያው «አላህ የራሕመት ያድርገው» አለ። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አሚን ነው። እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን። ገበሬው ከማሳው ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ከታች የሚያየው አሚን ብቻ ነው፤ ዱዓ እየተደረገ መስሎት እሱም አሚን ይላል። ሀጀራ ገመዷን ጨርሳ አሥር ሰዓት ላይ ስትከፍተው የሙሽራዋ ምርቃት መሰላት። እሷም ጻፈች። ኋላ ስንቆጥረው አርባ ሦስት ሆነ፤ አርባ ሦስተኛው የእሷ ነው።

ስልኩን ኮሮጆው ውስጥ ሳትመልሰው ከወንዙ በኩል ድምፁ መጣ፤ ብዙ የጭነት መኪና ባንድ ላይ ሲያጓራ ይመስላል። ሮጥን። ስንደርስ ጎርፉ ግንድ እያገላበጠ በተከፈተው ክትር መሀል ያልፋል። አያ ሙሀመድሰይድ ብቻውን ዳር ቆሟል። የውሃ አባታችን እሱ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚከተል የሚፈርደው። ጎልማሳ ሳለ ጉብታው ላይ ወጥቶ «ውሃ መጣ፣ ሰው ተነስ» ሲል ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ሰባ አልፎታል፤ ድምፁ ከሃምሳ እርምጃ አያልፍም። ያን ቀን ሲጮህ የሰማው ሰው አልነበረም። እኛን ሲያይ ዱላውን ጭቃው ላይ ተክሎ ተቀመጠ።

በኅዳር አገዳውን ለከብት አጨድነው። ማንም ሀጀራን አልወቀሳትም። ማሳው ከማሳዋ የሚዋሰነው ይሁኔ ብቻ፣ እሱም ለጨዋታ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ አላት፦

«ሀጀራ፣ አሚንሽ ሰማይ ደርሷል። ማሽላዬ ጋ ግን አልደረሰም።»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ኮሮጆውን ከአንገቷ አውልቃ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ሰቀለችው። ስልኩ ባትሪው አልቆ እዚያው ሞተ። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ፣ አወረደችው፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ቆቦ አብረሽኝ ውረጂ» አለችኝ።

ሔራን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትጠግን ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የስልክ ሆድ ዕቃ ተዘርግቷል፤ ብሎኖቹን በትንንሽ የጠርሙስ ክዳን ለይታ ነው የምታስቀምጣቸው። ሀጀራ ስልኩን አኖረችላት።

«ተበላሸ እንዴ፣ እቴ ሀጀራ?»

«አልተበላሸም። ወሬ ያበዛል።»

«ዝም ላሰኘው?»

«ዝም እንዲልማ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። አንዷን ለይቶ እንዲሰማልኝ ነው። ሌላው ያውራ፣ ይመርቅ፣ ይጋባ፤ ገብቶ ይቀመጥ። እሷ ስትናገር ብቻ ይጩህ።»

ሔራን መፍቻዋን አስቀመጠች። «ሰው የሚመጣልኝ ዘፈን ጫኚልኝ ብሎ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

ሀጀራ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ፊደል ትለያለች፣ እንግሊዝኛ አታውቅም። ስልኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከማዶ ካለው ሱቅ ደብተር ገዛችና ቅርጹን ትስለው ጀመር። መጀመሪያ ጥርስ ያለው ክብ። ከሱ ሥር ደወል። ከደወሉ ሥር የፕሮግራሞቹ ዝርዝር፣ ከየስማቸው አጠገብ ወዲያና ወዲህ የምትሸራተት ነጥብ። ነጥቧ ስትደምቅ ይጮኻል፣ ስትደበዝዝ ዝም ይላል። አንድ በአንድ አደበዘዙት። ስለ አየር ሁኔታ የሚነግር ነበረ፤ የሚነግረን የአዲስ አበባውን ነው፤ ደበዘዘ። ጨዋታ እንድትጫወት የሚጠራት ነበረ፤ «መቼ ተጫውቼ አውቃለሁ?» አለች፤ ደበዘዘ።

ግሩፑ ላይ ሲደርሱ ሔራን ጠየቀቻት፤ «ለአንድ ሰዓት ዝም ይበል፣ ለስምንት ሰዓት፣ ለሁለት ቀን ወይስ ጨርሶ?»

ሀጀራ መለሰች፤ «ጨርሶ። ምርቃት ቢቆይ አይበላሽም።»

ከዚያ የየትናየት ስም ተከፈተ፤ ለእሷ ብቻ የሚሆን ድምፅ ይመረጥ ተባለ። ሔራን እያሰማቻት ሄደች። ወፍ ነበረ። «ወፍማ ማሳው ሙሉ ነው።» ደወል ነበረ። «ፍየሎቼ ይመስሉኛል።» የውሃ ጠብታ ነበረ። «ጠብታ? እኛ የምንጠብቀው ጎርፍ ነው፣ ልጄ።» ሔራን ሳቀች፤ ሀጀራ አልሳቀችም፣ እያሰበች ነው።

«የሰው ድምፅ ይሆናል?»

«ቀርጸሽ ካመጣሽ ለምን አይሆንም።»

በማግስቱ አያ ሙሀመድሰይድ ቤት ሄድን። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ከበደ።

«አሚንን ዝም አሰኘሽው ነው የምትዪኝ?»

«ዝም አላሰኘሁትም፣ አያ። አሚኑ እዚያው አለ። የተውኩት መደወሉን ነው። አላህ ሳይደወል ይሰማል።»

ሽማግሌው ጺሙን ያዘ። «እሱስ ይሰማል» አለ። «እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ጩህልኝ።»

መጀመሪያ ሲሞክር ሳል ያዘው። ውሃ ጠጣ። ሀጀራ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችው፤ ቅርብ ስለሆነ ብዙ መጮህ አያስፈልግህም አለችው። እሱ ግን ቀስ ብሎ መጥራት አያውቅም። ተነሳ፣ ዱላውን ያዘ፣ አንገቱን አቀና፤ «ውሃ መጣ፣ ሰው ተነስ» አለ። የድሮው ድምፁ አልነበረም። ቢሆንም የእሱ ነበር። ሦስተኛውን ልንደግም ስንል ይሁኔ አካፋ ይዞ በአጥሩ በኩል እያለከለከ ገባ።

«የት ነው? የት ደረሰ?»

«እዚህ ነው» አለችው ሀጀራ፤ ስልኩን አሳየችው። አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ግንቦት ነው።

«አላህ ይይልሽ» አለ ይሁኔ፣ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። አያ ሙሀመድሰይድ ግን ደስ አለው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በድምፁ ሰው ሮጦ መጣ። ሦስተኛውን አልደገምንም።

ሀጀራን እንዳደንቃት ያደረገኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የራሷን ስልክ ብቻ አስተካክላ መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን ሰኔን ሙሉ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ስማርት ስልክ ወዳላቸው አሥር ቤቶች ዞረች። የትናየት አንዴ ጽፋ ለአሥራ አንዱም እንድትልክ ተስማሙ፤ በአሥራ አንዱም ስልክ ላይ የእሷ ስም ብቻ በአያ ሙሀመድሰይድ ድምፅ እንዲጮህ። ለሰው ቀላል ይመስላል። አንዱ ስልክ ደወሉን ከላይ አድርጎታል፤ አንዱ ከታች ደብቆታል፤ አንዱ ጥርስ ያለው ክብ ጭራሽ የለውም። ለየስልኩ አንድ ገጽ ሰጠችው። ከገጹ ራስ ላይ የባለቤቱን ስም ሳይሆን የስልኩን መልክ ትጽፋለች፤ «ጥቁሩ፣ ጥጉ የተሰነጠቀው»። የሰው ስልክ ስትይዝ ዓይኗን ከደብተሯ ሥዕሎች አታነሳም፤ ፎቶ ድንገት ቢከፈትባት ፊቷን አዙራ «ዝጋው» ትላለች።

እንድሪስ የሚባል ጎረቤታችን ስልክ ሦስት ቀን አስቸገራት። ሁሉን አስተካክላለች፤ ስልኩ እጁ ላይ ሳለ ይጮኻል፣ ኪሱ ውስጥ ሲገባ አይጮህም። እንድሪስ ስልኩ ያፍራል እያለ ይቀልዳል። እሷ ተቀምጣ ታስባለች። በመጨረሻ ባትሪ እንዲቆይ ተብሎ የተደረገ ነገር መሆኑን ራሷ ደረሰችበት፤ ስልኩ ሲጨልም ፕሮግራሞቹን አብሮ ያስተኛቸዋል። ቅጠል የመሰለች ምልክት ናት። እሷን አጠፋችና ደብተሯ ላይ ቅጠል ሣለች፤ ከጎኑ «ይህ ያስተኛል» ብላ ጻፈች። ኋላ ሔራን ያን ገጽ አይታ ለራሷ ቀዳችው።

ሕግም ወጣ። ሐምሌና ነሐሴ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዳታ የሚዘጋ የለም። አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው ስማርት ስልክ የሌላቸውን አራት አራት ቤት ይጠራሉ። የትናየት ለሙከራ ስትልክ ሁሉም እየተነሳ ለእሷ አሚን ይመልስላታል፤ አሁን የሚጮኸው የእሷ ስልክ ነው። «ዝም ላሰኝልሽ?» ብላ ሀጀራ ብትጽፍላት፣ «ተዪው፣ ደጋ ሰው ናፍቆት ነው ያለው» ብላ መለሰች።

ነሐሴ 2010 መጣ። ለሦስት ሳምንት ደጋው ላይ ጠብ አላለም። ደጋሊት የምንለው የማሽላ ዘር ራስ ሊያወጣ ደርሶ ቅጠሉ እንደ ገለባ ተጠቀለለ። ሰው ሁለት ዓመት በተከታታይ አገዳ ካጨደ ከብቱን ሸጦ ከተማ ለጉልበት ሥራ ይሄዳል፤ ይሁኔ ማረሻውን ከወዲሁ ለወንድሙ ሰጥቷል። ሀጀራ ይህን ከሰማች ወዲህ ከስድስት ሰዓት በኋላ ኮሮጆውን ከአንገቷ አታወርድም።

በነሐሴ አጋማሽ ዋጃ ጤና ጣቢያ የዓይን ሐኪሞች ለሁለት ቀን መጡ ተባለ። ሀጀራ የሰኔው ዙረት ዓይኗን ጎድቶታል፤ ስልክ ስታይ እጇን እስከ መጨረሻው ትዘረጋለች፣ ክር በመርፌ ማስገባት ትታለች። ካርድ አወጣን፤ ቁጥሯ ስልሳ አንድ፣ ተራዋ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን ባጃጅ ይዘን ወጣን። ካርዱን እንዳይታጠፍ ደብተሯ መሀል አድርጋዋለች። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከደረቷ ላይ ሽማግሌ ጮኸ፦

«ውሃ መጣ፣ ሰው ተነስ።»

ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠና ዞረ። «ማን ነው የገባ? ሁለት ነበራችሁ እኮ» አለ።

ሀጀራ ስልኩን አውጥታ ክንዷን ዘርግታ አነበበች። «ወርዷል። ካምናው ይበልጣል።» ሰባት ሰዓት ከአርባ ነው።

«አሥሩም ሰምተዋል» አልኳት። «ተራሽ ዛሬ ብቻ ነው፤ እንሂድ።»

«አሥሩ የየራሳቸውን አራት ቤት ይጠራሉ። የእኔን አራት ማን ይጠራል?»

ደወለች። ሁለቱ ዝግ ነበሩ። አንዱ ይጠራል፣ አይነሳም። አራተኛዋ ቤት ያለችው ዓሊማ ናት፤ ምንም ስልክ የላትም። ሹፌሩ ዋጃ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ አልመለስም ሲል ሀጀራ ወረደች። ወደ መንደራችን የሚመለስ መኪና ብንጠብቅም አልመጣም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በአስፋልቱ ዳር ሩጫ በመሰለ እርምጃ ሄደች፤ እኔ ኋላ ቀረሁ።

ስደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ክትሩ ላይ ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው አለ፤ ቅርንጫፉ ተጋድሟል፣ ገመዱ ተወጥሯል፣ ሴቱም አፈር ይደለድላል። የሀጀራ አራት ቤቶች ቆመዋል፤ ዓሊማ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ናት። አያ ሙሀመድሰይድ ጉብታው ላይ ሆኖ ያማርራል።

«እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ማነው በየኪሱ የሚጮኸው? ሥራዬን ቀሙኝ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

ጎርፉ መጣ። ክትሩን መታው፣ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቡናማው ውሃ አረፋውን ይዞ ወደ ቦዩ ዞረ። ሽማግሌው ዱላውን አነሳና ፈረደ፤ አብልጦ የደረቀበት ይቅደም። የይሁኔ ማሳ መጀመሪያ ጠጣ፣ የሀጀራ ከሱ ቀጥሎ። ይሁኔ በውሃው ውስጥ ቆሞ አካፋውን ተደግፎ «እንግዲህ ማረሻዬን ከወንድሜ ላስመልስ ነው» አለ። ሀጀራ ቁጭ ብላ እግሯን ከቦዩ አስገብታ ውሃው ሲያልፍበት ታያለች።

በዚያ ዓመት ጎተራው ሞላ። ዛሬ አሥራ አንዱ ሃያ ሁለት ደርሰዋል፤ ከሮቢት በኩል ያሉ የሌላ ወንዝ ሰዎችም ደብተሯን ሊያዩ ይመጣሉ። እሷ የሰው ስልክ ተቀብላ ክንዷን ዘርግታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ደወሉን ትፈልጋለች። እኔ ባየኋት ቁጥር ስለ መነጽሩ አነሳባታለሁ። «ክረምቱ ይውጣ» ትላለች፤ በበጋ ደግሞ «ክትሩ ይታደስ» ትላለች። ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ማታ ዋጃን ለቀው ሄደዋል። ስልሳ አንድ ቁጥር እስከዛሬ አልተጠራችም።